ኩላሊት ሲጣራ ማን ይመጣል?

ለሕዝብ የቀረበ የጤና ትምህርት ንግግር



የስኳር ሕመም ኩላሊት እንደሚጎዳ ለማናችሁም አዲስ ወሬ አይደለም። ከቤተሰቡ፣ ከጎረቤቱ ወይም ከሥራ ባልደረቦቹ መሀል በሳምንት ሁለት ሦስቴ ለኩላሊት እጥበት የሚመላለስ ሰው የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት ነው። ነገሩ ሲነሳ አብዛኛው ሰው «ስኳሩ ኩላሊቱን በላው» ይላል። አባባሉ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ታሪኩን ግን ከመሀል ቆርጦ ይተወዋል። ደም ውስጥ የበዛ ስኳር ጉዳቱን ያስጀምራል። ከዚያ በኋላ ጥፋቱን ዓመት ከዓመት ከሚያፋፍሙት መሀል ዋነኞቹ ከጀርም እንዲጠብቁን የተፈጠሩት የገዛ ሰውነታችን ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። እነሱም ሳይጠሩ አልገቡም። የጠራቸው ራሱ ኩላሊቱ ነው።

ዛሬ የመጣሁት ይህን ለመናገር ነው። ነገሩ የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድኩ። ማን እንደጠራ፣ ማን እንደመጣ፣ መጥቶም ምን እንደሚሠራ ያወቀ ሰው ግን የሽንት ምርመራ ለምን እንደታዘዘለት ይገባዋል፤ ኩላሊቱን እንዲጠብቅለት የተሰጠውን የግፊት መድኃኒትም «ግፊቴ ደህና ነው» ብሎ አይጥለውም። አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳስብ፦ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ኩላሊቱን እንየው። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ በአማካይ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። አንዱ ማጣሪያ፣ ግሎሜሩለስ የሚባለው፣ ስፋቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ገደማ ነው፤ እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ በጣም ቀጫጭን የደም ሥሮች ጥቅል ነው። ልብ ከምትረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉ ወደ ሁለቱ ኩላሊቶች ይሄዳል። በ24 ሰዓት ውስጥ 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ በማጣሪያዎቹ ያልፋል፤ ከዚያ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው 1 ወይም 2 ሊትር ብቻ ነው። ቀሪውን ከማጣሪያዎቹ ቀጥለው ያሉት ቱቦዎች ከነስኳሩና ከነጨው መልሰው ወደ ደም ያስገቡታል። እነዚህን ቱቦዎች አትርሱብኝ፤ እመለስባቸዋለሁ።

የማጣሪያው ግድግዳ ሦስት ንብርብር ነው። ከውስጥ የደም ሥሩን የሚሸፍኑ ሕዋሳት አሉ፤ ከመሀል ስስ ሽፋን አለ፤ ከውጭ ደግሞ ፖዶሳይት የሚባሉ ሕዋሳት እግር መሰል ቅጥያዎቻቸውን እርስ በርስ አሰካክተው ያቅፉታል። በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ወደ ሽንት እንዳያመልጥ የሚያደርገው የእነዚህ የሦስቱ ኅብረት ነው። ፖዶሳይት ሲሞት በቀላሉ አይተካም። በዚህ ምክንያት ገና ከጥዋቱ የሚጠፋ እያንዳንዱ ፖዶሳይት ኋላ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

የስኳር ሕመም ሲመጣ መጀመሪያ የሚሆነው ነገር ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነው። ቱቦዎቹ ከበዛው ስኳር ጋር ጨውም አብዝተው ይመልሳሉ። ኩላሊቱ የሚደርሰው የጨው መጠን ያነሰ ይመስለውና ወደ ማጣሪያው ደም የሚያስገባውን ሥር ያሰፋዋል። በማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ኩላሊቱም ከወትሮው በላይ ማጣራት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው ክሬያቲኒን የተባለው ቆሻሻ ቢመረመር ውጤቱ እጅግ ያማረ ነው። ሕመምተኛው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። የማጣሪያው ግድግዳ ግን በዚያው ግፊት እየተወጠረ ነው።

ሌላው ጉዳት ከስኳሩ ከራሱ ይመጣል። ስኳር ከፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። በየሦስት ወሩ የምትሠሩት ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ የሚለካው በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው። ይኸው መጣበቅ በኩላሊት ውስጥም አለ። ስኳር የተለጠፈባቸው ፕሮቲኖች ቀስ በቀስ ቅርጻቸው ይበላሻል፤ የኩላሊት ሕዋሳትም እነዚህን የተበላሹ ፕሮቲኖች በሚያውቅ ተቀባይ አማካይነት አደጋ እንደደረሰ ይረዳሉ። ጥሪው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ጥሪው ከመናገሬ በፊት፣ የሚመጣውን ሕዋስ ማን እንዳወቀው ላንሳ። በ1882 ሩስያዊው ኤልያ ሜችኒኮፍ በሲሲሊ ደሴት፣ በመሲና ከተማ በባሕር ዳር ቤቱ ሆኖ የኮከብ ዓሣ እጭ ያጠና ነበር። እጩ እንደ ብርጭቆ ብርሃን ያሳልፋል፤ በሕይወት እያለ ውስጡ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሜችኒኮፍ የጽጌረዳ እሾህ ወስዶ በእጩ ቆዳ ሥር ሰካ። በማግስቱ ጠዋት ሲመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበውት አገኛቸው። ባዕድ ነገርን የሚውጡ ሕዋሳት እንዳሉ ያስረዳው ይህ ሥራው በ1908 ከፓውል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ከእነዚህ ዋጭ ሕዋሳት ትልልቆቹን ዛሬ ማክሮፌጅ እንላቸዋለን። ስለ እሾሁ ማን ነገራቸው? ማን ጠራቸው? ለዚህ መልስ የተገኘው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

የኩላሊቱን ታሪክ ደግሞ ከ1936 እንጀምር። ፓውል ኪመልስቲል የተባለ ጀርመናዊና ክሊፎርድ ዊልሰን የተባለ እንግሊዛዊ የ8 ሟቾችን ኩላሊት መርምረው በማጣሪያዎቹ ውስጥ ክብ ክብ እባጮች እንዳሉ ጻፉ። ዛሬም በእነሱ ስም የሚጠራው ይህ እባጭ የስኳር ሕመም ኩላሊት መታወቂያ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሐኪሞች በሽታውን የሚያዩት እንደ ውፍረትና እንደ ጠባሳ ነበር፦ ሽፋኑ ይወፍራል፣ መሀሉ በጠባሳ ይሞላል፣ ማጣሪያው ይዘጋል። የመከላከል ሕዋሳት በዚህ ውስጥ ድርሻ አላቸው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በተለመደው ቀለም ብዙም አይታዩም።

ይህን በቅርብ ላሳያችሁ። ከሕመምተኛው ጀርባ በመርፌ የሚወሰደው ናሙና የስፌት ክር የሚያህል ነው። ላቦራቶሪው ከፀጉር በብዙ እጥፍ የሳሱ ቁራጮች አድርጎ ይቆርጠዋል። አንዱን ቁራጭ በተለመደው ቀለም ነክራችሁ በማይክሮስኮፕ ብታዩት ሮዝና ወይን ጠጅ ነው፦ ማጣሪያዎቹ ክብ ክብ ሆነው ይታያሉ፤ በአንዳንዶቹ መሀል ሮዝ እባጭ አለ፤ በቱቦዎቹ መሀል ያለው ክፍተት ከሚገባው በላይ ሰፍቷል። የመከላከል ሕዋሳቱን ከሌላው ለይቶ መቁጠር ለሠለጠነ ዓይንም ከባድ ነው። ቀጥሎ ያለውን ቁራጭ ግን ማክሮፌጅን ብቻ ለይቶ በሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ቀቡት። ቡናማ ነጥቦች ብቅ ይላሉ፤ በማጣሪያው ውስጥ ጥቂት፣ በቱቦዎቹ ዙሪያ ደግሞ በመንጋ። ጠባሳው በወፈረበት ቦታ ነጥቦቹም ይበዛሉ። ይህ ዘዴ ከተስፋፋ ወዲህ፣ በተለይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ፣ የስኳር ሕመም ኩላሊት የጠባሳ በሽታ ብቻ ነው ማለት አልተቻለም።

አሁን ወደ ጥሪው። በስኳርና በግፊት የተጨነቀ የኩላሊት ሕዋስ ኤምሲፒ-1 የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ወደ ደሙ ይለቃል። በመቅኔ የሚፈለፈለውና በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ሞኖሳይት የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ይህን ፕሮቲን የሚያሸትበት ተቀባይ አለው። በዚያው ጊዜ የኩላሊቱ ደም ሥሮች ውስጠኛ ግድግዳ የሚያጣብቅ ፕሮቲን ያወጣል። ሞኖሳይቱ በግድግዳው ላይ ይንከባለላል፣ ይጣበቃል፣ ሾልኮ ወደ ኩላሊቱ ሥጋ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ማክሮፌጅ ይሆናል።

በአገር ቤት «እሪ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሰው ሁሉ ያገኘውን ዱላ ይዞ ይሮጣል፤ እሳት ከሆነ ያጠፋል፣ ሌባ ከሆነ ያባርራል፣ ነገሩ ሲበርድ ወደየቤቱ ይመለሳል። እሪታው ባይቆምስ? ቀንም ሌሊትም፣ ዓመት ሙሉ ቢቀጥልስ? የመጣው አይመለስም፤ ሌላም ይጨመርበታል። ቡቃያው ይረገጣል፣ አጥሩ ይፈርሳል። የመጣው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ሊረዳ ነው የመጣው፤ የሚያጠፋው እሳት ግን አላገኘም። በስኳር ሕመም ኩላሊት ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። የሚዋጥ ጀርም የለም፤ ጥሪው ግን አያባራም።

ማክሮፌጁ ለጀርም ያዘጋጀውን መሣሪያ እዚያው ያራግፋል። ቲኤንኤፍ የተባለውና ሌሎች ብግነት አፋፋሚ ኬሚካሎች ይወጣሉ፤ ፖዶሳይቶች ይጎዳሉ፤ የማጣሪያው ግድግዳ አልቡሚን ማሳለፍ ይጀምራል። ከዚያ ማክሮፌጁ የማዳን ሥራውንም ይጀምራል፤ ቁስል እንዲድን ጠባሳ የሚያሠራውን ቲጂኤፍ-ቤታ የተባለውን ኬሚካል ይለቃል። በእጅ ላይ ለተቆረጠ ቆዳ ይህ መልካም ሥራ ነው። ሁልጊዜ በሚቆስል ኩላሊት ውስጥ ግን ጠባሳ በጠባሳ ላይ ይከመራል፤ ማጣሪያና ቱቦ የነበረበት ቦታ ሥራ የማይሠራ ሥጋ ይሞላዋል።

አስታውሱልኝ ያልኳችሁ ቱቦዎች ደግሞ እዚህ ይገባሉ። ያመለጠው አልቡሚን በቱቦዎቹ በኩል ሲያልፍ የቱቦዎቹ ሕዋሳት ሊመልሱት ይሞክራሉ፤ ከአቅማቸው በላይ ይሆንባቸዋል፤ እነሱም በተራቸው ኤምሲፒ-1 ይለቃሉ። ማለትም የመጀመሪያው ጉዳት ሁለተኛ እሪታ ይወልዳል። ከዚህ በኋላ ስኳሩ በመጠኑ ቢስተካከልም ነገሩ በራሱ ጉልበት መሄድ ይችላል። በእኔ እምነት በዚህ በሽታ ውስጥ ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ይህ ነው። ብዙ ሰው በሽንት የሚወጣ ፕሮቲንን የጉዳት ምልክት ብቻ አድርጎ ያየዋል። ፕሮቲኑ ራሱ የጉዳቱ አባባሽ ነው።

ይህ ሁሉ በግምት አልተነገረም። በ2006 በሜልበርን፣ አውስትራሊያ የሚገኙ ተመራማሪዎች ኤምሲፒ-1 መሥራት የማይችሉ አይጦችን ከሌሎች አይጦች ጋር እኩል የስኳር ሕመም እንዲይዛቸው አደረጉ። የደማቸው ስኳር ያው ከፍተኛ ነው። ጥሪው በሌለበት ኩላሊት ውስጥ ግን የገቡት ማክሮፌጆች ጥቂት ነበሩ፤ ጉዳቱም እጅግ ያነሰ ሆነ። ስኳሩ አለ፣ ጠሪው የለም፣ ጥፋቱ ቀነሰ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

ሌሎች የመከላከል ሕዋሳትም ይመጣሉ። ቲ ሕዋሳት በቱቦዎቹ ዙሪያ ይታያሉ፤ ከእነሱ ውስጥ ብግነትን የሚያበርዱት ሲያንሱ የሚያፋፍሙት ይበዛሉ። ኒውትሮፊልና ማስት ሴልም ድርሻ አላቸው። ሆኖም እዚያው ሜልበርን በ2010 ቲ እና ቢ ሕዋሳት ጨርሶ በሌሏቸው አይጦች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በሽንት የሚወጣው ፕሮቲን ቢያንስም የኩላሊቱ ጠባሳና የሥራ መድከም እንዳልቀረ አሳይቷል። መሪው ማክሮፌጅ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በሰው ላይ ያለው ማስረጃም ጠንካራ ነው። በቦስተን የጆስሊን የስኳር ሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች በ2012 እንዳሳዩት፣ በደማቸው ውስጥ የቲኤንኤፍ ተቀባይ ፕሮቲኖች ከፍ ያሉ የስኳር ሕመምተኞች ከዓመታት በኋላ ኩላሊታቸው የመድከም አደጋው ከፍተኛ ነው። በ2019 ደግሞ ይኸው ቡድን ከሌሎች ጋር ሆኖ ይህንኑ አደጋ የሚያመለክቱ 17 የብግነት ፕሮቲኖችን ለየ።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። በአሜሪካና በካናዳ 1,441 የዓይነት 1 ስኳር ሕመምተኞችን የተከታተለው ታላቅ ጥናት በ1993 ሲያበቃ፣ ስኳራቸውን አጥብቀው የተቆጣጠሩት ሰዎች ኩላሊት ከሌሎቹ በጣም የተሻለ ነበር። ከዚያ በኋላ የሁለቱም ቡድኖች የስኳር መጠን ተቀራረበ። ልዩነቱ ግን ከዓመታት በኋላም አልጠፋም። የድሮው ስኳር ትዝታ ትቶ ነበር። ተመራማሪዎች ከእነዚሁ ሰዎች ደም ሞኖሳይቶችን ወስደው ሲመረምሩ በዘረ መሉ ላይ፣ የብግነት ጂኖች አጠገብ፣ የቀሩ ኬሚካላዊ ምልክቶች አገኙ። ሞኖሳይት በደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው። ስለዚህ ትዝታው የሚኖረው ሕዋሳቱ ከሚፈለፈሉበት ከመቅኔው ነው ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስኳርን መቆጣጠር ያለው ዋጋ ከዚህ በኋላ ክርክር አያስፈልገውም።

አሁን ከእናንተ ወገን ጥያቄ ይነሳል፤ ሁልጊዜም ይነሳል። «ጥፋተኞቹ ከታወቁ ለምን አንገድላቸውም?» ሞክረናል። በ2015 ውጤቱ የታተመ ሙከራ የኤምሲፒ-1ን ተቀባይ የሚዘጋ መድኃኒት ለሕመምተኞች ሰጥቶ በሽንት የሚወጣውን ፕሮቲን ቀነሰ፤ ቅነሳው ግን መጠነኛ ነበር፤ ትልቁ መጠንም ከትንሹ አልተሻለም። ባርዶክሶሎን የተባለ ሌላ ብግነት አብራጅ መድኃኒት ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። የልብ ድካም የያዛቸው ሰዎች ቁጥር ከፍ በማለቱ ሙከራው በ2012 ተቋረጠ። ስቴሮይድስ? ስኳሩን ራሱን ያንረዋል።

ለእኛ አገር ሰው ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፤ እሱም የሳንባ ነቀርሳ ነው። የቲቢ ባክቴሪያ በብዙ ሰዎች ሰውነት ውስጥ ሳያሳምም ተኝቶ ይኖራል። ከብበው አፍነው የያዙት እነዚሁ ማክሮፌጆች ናቸው፤ ከቲ ሕዋሳት ጋር ሆነው። ቲኤንኤፍ ደግሞ ይህን ከበባ የሚያጸናው ኬሚካል ነው። ለመገጣጠሚያ ሕመም ቲኤንኤፍን የሚያግዱ መድኃኒቶች በወጡበት ጊዜ፣ በ2001፣ የተኛ ቲቢ የተቀሰቀሰባቸው ሕመምተኞች ሪፖርት ተደረገ። የስኳር ሕመም ብቻውን እንኳ ቲቢ የመያዝን አደጋ ወደ ሦስት እጥፍ ያደርሰዋል። ስለዚህ እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር የስኳር ሕመምተኛን መከላከያ በጅምላ ማዳከም አንዱን ቤት ለማትረፍ ሌላውን መክፈት ይሆናል። ማክሮፌጆች ኩላሊት ውስጥ ገና ከፅንስ ጀምሮ የሚኖሩ መሆናቸውንም አንርሳ፤ የሞተ ሕዋስ ያጸዳሉ፣ የተጎዳ ቱቦ እንዲያገግም ይረዳሉ። ጠላቶቻችን አይደሉም።

ከዚሁ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ። «ብግነት ከሆነ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ልውሰዳ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ከየፋርማሲው በቀላሉ የሚገኙ ናቸውና። እነዚህ መድኃኒቶች የጉልበትና የወገብ ብግነት ያበርዳሉ። የምንነጋገርበትን የኩላሊት ብግነት ግን አይነኩም። ይልቁንም ወደ ማጣሪያው ደም የሚያስገባውን ሥር ያጠብባሉ፤ የደከመ ኩላሊት በእነሱ ምክንያት በቀናት ውስጥ ሊያቆም ይችላል። ስኳር ያለበትና በሽንቱ ፕሮቲን የታየበት ሰው ለሕመም ማስታገሻ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ታዲያ የሚሠራው ምንድን ነው? እሪታውን ማስቆም። የሚገርመው ግን እስከ ዛሬ የተሳኩልን መድኃኒቶች ሁሉ በዚህ መንገድ የሚረዱ መሆናቸው ነው፤ አብዛኞቹም ለዚህ ታስበው የተሠሩ አልነበሩም። በ1993 ካፕቶፕሪል፣ በ2001 ደግሞ ሎሳርታንና ኢርቤሳርታን የስኳር ሕመም ኩላሊትን መድከም እንደሚያዘገዩ ተረጋገጠ። የግፊት መድኃኒቶች ናቸው፤ ከማጣሪያው የሚወጣውን የደም ሥር በማስፋት በማጣሪያው ውስጥ ያለውን ውጥረት ያላላሉ። ያመለጠው አልቡሚን ሲቀንስ ቱቦዎቹም እሪታቸውን ይቀንሳሉ። ኢናላፕሪልም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በእኛም ጤና ጣቢያዎች የተለመደ መድኃኒት ነው። «ግፊቴ ደህና ነው» ብሎ የሚጥለው ሰው የሚጥለው የኩላሊቱን መድኃኒት ነው።

ከዚያ የስሙ መጨረሻ «ግሊፍሎዚን» የሆነው የመድኃኒት ቤተሰብ መጣ። ቱቦዎቹ ስኳርና ጨው የሚመልሱበትን በር ይዘጋሉ፤ ስኳሩ በሽንት ይወጣል። ኩላሊቱ የጨው መጠኑን በትክክል ያውቃል፤ የሰፋው ሥር ወደ ልኩ ይመለሳል። በ2019 በካናግሊፍሎዚን ላይ የወጣው ሙከራ 4,401 ሰዎችን ይዞ ነበር፤ የኩላሊት መድከምንና ተያያዥ ሞትን አደጋ በ30 በመቶ ቀነሰ። ዳፓግሊፍሎዚንና ኤምፓግሊፍሎዚን ተከተሉት። በ2024 ደግሞ ከሌላ ቤተሰብ የሆነው ሴማግሉታይድ የተባለው መድኃኒት አደጋውን በ24 በመቶ እንደሚቀንስ ታየ።

ፊኔሬኖን ግን ከሁሉም ይልቅ ከርዕሳችን ጋር ይቀራረባል። አልዶስትሮን የተባለው ሆርሞን የሚይዘውን ተቀባይ ይዘጋል። ይህ ተቀባይ በኩላሊት ሕዋስ ላይ ብቻ ሳይሆን በማክሮፌጁም ውስጥ አለ፤ ሲነቃ ማክሮፌጁን ወደ ብግነትና ወደ ጠባሳ ይገፋዋል። በእንስሳት ላይ ተቀባዩን ከማክሮፌጁ ብቻ ማጥፋት ጉዳቱን አብርዷል። በ2020 ከ5,600 በላይ ሰዎችን ይዞ የተደረገው ሙከራ የኩላሊት መድከምን አደጋ በ18 በመቶ ቀነሰ። ፖታሲየም ስለሚያስጨምር የደም ክትትል ይፈልጋል። ዋጋው ዛሬ ለአብዛኛው ሕመምተኛ የሚቀመስ አይደለም፤ ይህ ደግሞ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ጉዳይ ሊሆን አይገባም። እጥበት ከየትኛውም ክኒን በላይ ቤተሰብን ያደኸያል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ትልቅ ብርታት ቢሆንም ለሁሉም አይዳረስም።

ጠባሳ ከተሠራ በኋላስ? ለረጅም ጊዜ የማይመለስ ነው ይባል ነበር። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የቆሽት ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው 8 የዓይነት 1 ስኳር ሕመምተኞች ነበሩ። ከተከላው በኋላ ስኳራቸው እንደ ጤነኛ ሰው ሆነ። ከተከላው 5 ዓመት በኋላ የኩላሊት ናሙና ተወሰደ፦ ምንም የተሻለ ነገር የለም፤ ጠባሳው እንዳለ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ያቆም ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ ግን እንደገና ተወሰደ፤ በ1998 የታተመው ውጤት ዓለምን አስደነቀ። የወፈረው ሽፋን ወደ ልኩ ቀርቦ ነበር፤ በማጣሪያው መሀል የተከመረው ጠባሳ ቀልጦ ነበር። ጥሪው በእውነት ሲቆም ኩላሊት ራሱን ሊጠግን ይችላል። ጊዜው ግን በወር አይቆጠርም።

አሁን ስለ ምርመራው ልናገር። ሽንት ውስጥ የሚነከረውን የወረቀት ዘንግ አይታችሁ ይሆናል፤ የፕሮቲኑ ካሬ ቢጫ ነው፣ ፕሮቲን ሲያገኝ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ችግሩ ግን የመጀመሪያውን ትንሽ ፍሳሽ አያይም። ቢጫ ሆኖ ቀረ ማለት ኩላሊቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። መጠየቅ ያለበት በሽንት ውስጥ ያለው አልቡሚን ከክሬያቲኒን ጋር ተነጻጽሮ የሚለካበት ምርመራ ነው። በሚሊ ግራም ለግራም ሲለካ ከ30 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ30 እስከ 300 የመጀመሪያው ማንቂያ ነው፤ ከ300 በላይ ከሆነ ጉዳቱ ገፍቷል። ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ከባድ ስፖርት ለጊዜው ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል በአንድ ውጤት አይፈረድም፤ ይደገማል። ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው በሽታው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ፣ ዓይነት 1 ያለበት ደግሞ ከ5 ዓመት በኋላ፣ በየዓመቱ ይመርመር።

በውጭ ላሉ ወገኖቻችንም አንድ ቃል አለኝ። በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች ላይ የስኳር ሕመም ባልተጠበቀ መጠን መታየቱ በ1988 ታትሟል፤ አኗኗር ሲለወጥ በሽታው ወጣትን አይምርም። በአሜሪካ ደግሞ የኩላሊትን አቅም የሚያሰላው ቀመር እስከ 2021 ድረስ ለጥቁር ሰው ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያወጣ ነበር። በዚህ ምክንያት ኩላሊቱ የደከመ ኢትዮጵያዊ በወረቀት ላይ ደህና ሆኖ ሊታይ ይችል ነበር። ያ ማስተካከያ ተነስቷል። ከዚያ በፊት «ደህና ነህ» የተባላችሁ ካላችሁ በአዲሱ ቀመር አስሉት።

የመጨረሻው ስለ ጾም ነው። ግሊፍሎዚን የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ እህል ውኃ ሳይቀምስ ሲውል፣ ወይም ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው፣ ስኳሩ ብዙ ሳይጨምር ደሙ በአሲድ ሊሞላ ይችላል። ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ቁርጠትና የትንፋሽ መፍጠን ከታየ ቶሎ ወደ ሐኪም ይኬድ። ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ከመግባቱ በፊት መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ሐኪማችሁን አነጋግሩ፤ የትኛው በየትኛው ሰዓት እንደሚወሰድና የትኛው ለጊዜው እንደሚቆም እሱ ይነግራችኋል።